የድመቶቹ መጽሐፍና የአቶ ጎደፋ ቀጠሮ

አቶ ጎደፋ በስተርጅና የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ሱስ ያዛቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ጸሎት ያበዛል፣ የዕድር ዳኛ ይሆናል፣ ሌላው ቢቀር "የልጅ ልጅ ሳላይ ልሞት ነው" እያለ ቤተሰቡን ያስጨንቃል። እሳቸው ግን ራታቸውን በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና፣ "ናፍቆት፣ እስቲ ያን የድመቶቹን አምጪው" ይላሉ። ልብ በሉ፤ ንባብ ሊጀመር ሲል መነጽር የሚያወልቅ ሰው ናቸው። ናፍቆትን ከሁሉም ይልቅ የሚያበግናት ይህ ነበር። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ባለ መነጽር ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ የአባቷን ዓይን የለካችው እሷ፣ ፍሬሙን የመረጠችው እሷ፣ "ከእንግዲህ የመርፌ ቀዳዳ ይታይሃል" ብላ አፍንጫቸው ላይ ያደረገችላቸው እሷ።

"ኣቦይ፣ መነጽሩን ለምን ታወልቀዋለህ?"

"የምታነቢው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ዓይኔ ይረፍ እንጂ!"

ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች፣ ከሮማናት እስከ ሰፈሯ ሓድነት ታክሲ ተጋፍታ የመጣች ልጅ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ መጽሐፍ ይዛ ትቀመጣለች። ምን ታድርግ? አባት ነው።

ይህን ጣጣ ወደ ቤት ያስገባው እስክንድር ነው። እስክንድር የደብረ ብርሃን ልጅ ሲሆን ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስተምራል። መነጽር ሊያሠራ መጥቶ ናፍቆትን አየና ከዚያ ወዲያ የመነጽሩ ብሎን በየሳምንቱ ይላላ ጀመር። አቶ ጎደፋ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው እግራቸው በጀሶ ታስሮ በተኙ ጊዜ፣ "የሥራ ቦታ ወዳጅ" ተብሎ ሊጠይቃቸው መጣ። ጠያቂ ሁሉ ብርቱካን ይዞ በሚመጣበት ቤት እሱ መጽሐፍ ይዞ መጣ። "ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ተኝተው እንዳይሰለቹ ብዬ ነው" አለ በትሕትና። ናፍቆት ያን ቀን ኮራችበት። ዛሬ ያን ቀን ባስታወሰች ቁጥር፣ ምናለ እንደ ሰው ብርቱካን ይዞ በመጣ፣ ትላለች።

መጽሐፉን ማንጋ ይሉታል። ጃፓኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡት፣ ከመጨረሻው ገጽ የሚጀመር፣ ሥዕሉ የበዛ፣ ጽሑፉ በየሰው አፍ አጠገብ በትንሽ አረፋ ውስጥ የተከተተ መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። አክስቱ ስትሞት ሱቋንና ሦስት ድመቶቿን ታወርሰዋለች። ቀን የሰው ፀጉር ይቆርጣል፤ ሲመሽ ሱቁን ዘግቶ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ጌም ይጫወታል። ልክ ዘንዶውን ሊገድል ሲል አንዷ ድመት ገመዱን ትነቅላለች። ወይም ሌላዋ መጥታ ቴሌቪዥኑ ፊት ትዘረጋለች። ሦስተኛው፣ ወፍራሙ፣ ማጫወቻው ስለሚሞቅ ላዩ ላይ ተኝቶ ቢለምኑት አይነሳም። በቃ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ሰው አይሞትም፣ ሰው አይከዳም፣ ዘንዶውም አይገደልም። ናፍቆት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለምን እንደሚጻፍ መጀመሪያ ፈጽሞ አልገባትም ነበር።

"ምን ይፈይዳል ኣቦይ? ሁልጊዜ ያው ነው እኮ፤ ሊያሸንፍ ይላል፣ ድመት ትመጣለች።"

"ሰው የማይሞትበት ነገር ማንበብ አማረኝ፤ ኃጢአት ነው?" አሏት አንድ ቀን። እሷም ገጹን ገለጠች።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አቶ ጎደፋ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለአንድ የርዳታ ድርጅት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ቢሆኑም፣ "የኔ እንግሊዝኛ የስ፣ ኖ፣ ቼክ ፖይንት ነው፤ ከዚያ አያልፍም" ይሉ ነበር። ስለዚህ ናፍቆት አረፋ በአረፋ እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልስላቸዋለች። ወደ አማርኛ የሆነበትም ምክንያት አለው። ነፍሳቸውን ይማርና እናቷ ሥርጉት የደሴ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቤት ከአጥር ውጭ ትግርኛ፣ ከአጥር ውስጥ አማርኛ የሚባል ሕግ ነበር፤ ሕጉን ያወጡት ሰው ካለፉም በኋላ የሻረው የለም። የጃፓኖቹን ስም ግን አባትና ልጅ ሊይዙት አልቻሉም። አቶ ጎደፋ ድመቶቹን እንደ ገና አጠመቋቸው፤ ማጫወቻው ላይ የሚተኛውን ዳኛው፣ ቴሌቪዥን የምትጋርደዋን መጋረጃ፣ ገመድ ነቃይዋን ደግሞ ፈረቃ አሏቸው። ፈረቃ ገመድ በነቀለች ቁጥር ሶፋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይስቃሉ። ከዚያ "እስቲ ድገሚልኝ" ይላሉ። ድገሚልኝ!

ንባብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ በቻለችው። እግራቸው ከጀሶ ሲወጣ ነገሩ ባሰ። አይጥ እንድትይዝ ብቻ ግቢ ውስጥ የምትኖረው ድመት፣ ስም እንኳ ያልነበራት፣ አሁን ሶፋ ላይ የምትተኛ እመቤት ሆነች። አብራቸው የምትኖረው የአቶ ጎደፋ እኅት፣ ኣሞይ ኣርሴማ፣ አንድ ረቡዕ ወንድሟ ለድመቷ ወተት ሲቀዱ ያዘቻቸው።

"ዋይ ኣነ! በጾም ቀን ወተት? በዚህ ቤት?"

"ለእኔ ቀዳሁ እንዴ? ድመት ነፍስ አባት የላት፣ ማን ጹሚ ብሏት ትጾማለች?"

ኣሞይ ኣርሴማ አማተበችና ወደ ጓዳ ገባች። ግን ይህም ይቅር። አንድ ቀን ናፍቆት ሓድነት ከታክሲ ወርዳ ወደ ቤት ስትሄድ፣ የሰፈር ልጆች ከሚጮሁበት ጌም ቤት በር ላይ የምታውቀው ጋቢ አየች። አባቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የጌሙን መቆጣጠሪያ በሁለት እጃቸው እንደ መኪና መሪ ጨብጠው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በዞረ ቁጥር ወገባቸውን አብረው ያዞራሉ። ልጆቹ ከበዋቸው "ዝለሉ ኣቦይ ጎደፋ፣ ዝለሉ!" ይላሉ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት! ጎረቤቷ ብርቄ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አየቻት።

ይህን ሁሉ ናፍቆት የቻለችው ትልቅ ጉዳይ ስለነበራት ነው። እስክንድር በሚመጣው ዓመት መስከረም ወደ ትውልድ ከተማው ተዛውሮ ሊያስተምር ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ካልሆነ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ሊቀሩ ነው። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ደግሞ ዐቢይ ጾም ሳይገባ የአባት ቃል ያስፈልጋል። ናፍቆት ይህን ሰውዬ ትወደዋለች፤ ብሎኑን እያላላ ሲመጣ ጀምሮ ትወደዋለች። የቀረው አንድ የአባት "እሺ" ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነው። የእስክንድር የሥራ ባልደረባ መምህር ገብረተንሳኤ፣ አንድ የደብር ቄስ፣ ከደብረ ብርሃን በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን የመጡት አጎቱ አቶ ቀለሙ። እንደ ወጉ ሳሎን ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። አቶ ቀለሙ በሸዋ አማርኛ አሳምረው ጠየቁ። አቶ ጎደፋም ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ "እንግዲህ ተመካክረን እንነግራችኋለን" ብለው መለሷቸው። ማንም አልተከፋም። አንዴ ሲጠየቅ ልጁን የሚሰጥ አባት ልጄ ከብዳኛለች እንዳለ ይቆጠራል፤ ማስለመን የልጅቱ ክብር ነው። ናፍቆት ጓዳ ሆና ስትሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር።

ስሕተቱን የሠራው እስክንድር ነው። ሽማግሌ ባዶ እጁን አይሄድም ብሎ የድመቶቹን ሁለተኛ ቅጽ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ላከ። አቶ ቀለሙ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቁ በሁለት እጃቸው ሰጡ። አቶ ጎደፋ እዚያው ከፈቱትና ዳኛውን ሽፋኑ ላይ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ሰውየው ያን ቀን አንድ ትምህርት ተማሩ፤ "እንመካከራለን" ላለ ሰው መጽሐፍ ይሰጠዋል።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አቶ ቀለሙ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ቢሆንም ቆሙ። ተናገሩ። አቶ ጎደፋ በጥሞና ሰሙና፣ ይህንም ጊዜ የተላከላቸውን የመጽሐፍ ጥቅል እያገላበጡ፣ "ይህ መጽሐፍ ስንት ቅጽ ነው በጠቅላላው?" ብለው ጠየቁ።

"ምኑ?" አሉ አቶ ቀለሙ።

"የድመቶቹ። ማለቂያው የትኛው ነው?"

አቶ ቀለሙ መምህር ገብረተንሳኤን አዩ። መምህር ገብረተንሳኤ ቄሱን አዩ። ቄሱ ጣሪያውን አዩ። አቶ ጎደፋም መልስ ሳይጠብቁ፣ "መልካም፤ እስቲ ደግሞ እናስብበት" አሉ። ናፍቆት ጓዳ ውስጥ ግንባሯን ከፍሪጁ ጋር አጋጨችው።

አቶ ቀለሙ ግን ቀልድ የሚወዱ ሰው አይደሉም። በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ "ወንድሜ፣ ሦስተኛ እንመጣለን፤ አራተኛ የለም። ጾም ሳይገባ ቃል ካልሰጡን 'አልሰጥም' ብለዋል ብለን እንይዘዋለን፤ ልጃችንም ሌላ ይፈልጋል" አሉና በጉልበታቸው እያነከሱ ወጡ።

በማግስቱ ናፍቆት ዓዲ ሓቂ አንድ ካፌ ውስጥ እስክንድርን አገኘችው። ማኪያቶውን እያማሰለ ይስቃል። የሚያስቅ ነገር ያለ ይመስል!

"አትናደጂ፤ አባትሽ ጨዋታ ወዳድ ናቸው። ገና የመጨረሻው ቅጽ እኔ ጋ አለ። ሦስተኛው ቀን ይዘውላቸው ይሄዳሉ፤ ያኔ እሺ ይላሉ።"

"እሺ አይልም!" አለች ጠረጴዛውን መትታ፤ ማንኪያው ዘለለ። "አልሰጥም ባለ ቁጥር የምትሸልመው አንተ ነህ! ሕፃን ልጅ እንኳ ባለቀሰ ቁጥር ከረሜላ ከሰጡት ማልቀስ ይለምዳል። ይልቅ መጽሐፉን አሁን ስጠኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ሽማግሌ ሳይመጣ ላስጨርሰው። የሚጠብቀው ነገር ካልቀረ የሚቀጥረውም ነገር አይኖርም።"

እስክንድር መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ይዞት ነው የሚዞረው! እሱም ያው ነው እኮ፣ አለች በሆዷ። ከአንዱ የድመት ወዳጅ ቤት ወጥቼ ወደ ሌላው ልገባ ነው። እንዲህ ሆኖም ታገባዋለች፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ ባልንም እንደዚያው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናፍቆት እንደ ባለሥልጣን አነበበች። "ድገሚልኝ" ቢሏት "አልደግምም"፣ "ቆይ ሥዕሉን ልየው" ቢሏት "አታይም" ትላለች። አባቷ ግን መዘግየትን የሚያውቁበት ሰው ናቸው። አንዴ ሻይ ያምራቸዋል። አንዴ እግራቸውን ይቆረጥማቸዋል። አንዴ ደግሞ "ይህ ሰውዬ ግን ለምን ሚስት አያገባም?" ብለው ስለ ፀጉር አስተካካዩ ኑሮ ክርክር ይከፍታሉ። ኣሞይ ኣርሴማ ከጓዳ ሆና "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ያንቺ አባት ድሮም እንዲህ ነው፤ መኪና እንኳ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይቆም ነድቶ አያውቅም" ትላለች። እንዲህ ሲጓተት ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ቀረና መጽሐፉ ገና ጥቂት ገጾች ነበሩት።

ያን ምሽት ናፍቆት ጉሮሮዋ ደርቆ ውኃ ልትጠጣ ተነሳች። ጓዳ ገብታ ብርጭቆዋን ሞልታ ሳትጨርስ የአባቷን ሳቅ ሰማች። ከልብ የሆነ፣ ሶፋ የሚያንቀጠቅጠው ሳቅ ነው። ሥዕል እያዩ ነው ብላ ናቀችው። ተመልሳ ስትመጣ ግን መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው፤ ገጹም ተገልጧል። ሄዳ ከትከሻቸው በላይ አየችው። ሥዕል የለውም። መብራት የጠፋበት ገጽ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ።

"ኣቦይ፣ ምን አሳቀህ?"

አቶ ጎደፋ መነጽሩን ቶሎ ሊያወልቁ እጃቸውን ሰደዱ፣ መሐል መንገድ ላይ ተዉት። "እቺ... ድመቷ..."

"የቷ ድመት? ገጹ ጥቁር ነው። አንብብልኝ እስቲ።"

ሶፋው ላይ የተኛችው ድመት እንኳ ቀና ብላ አየቻቸው።

"አንብብልኝ አልኩህ፣ ኣቦይ።"

አቶ ጎደፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ አነበቡት። ምላሳቸው አንዴም አልተያዘም፤ ነጮቹ እንደሚሉት አድርገው፣ የሚነሳውን አንስተው፣ የሚጣለውን ጥለው። ከዚያ ሳትጠይቃቸው ወደ አማርኛ መለሱት። "ሰውየው በጨለማ 'ፈረቃ!' ብሎ ይጮኻል። ድመቷ ደግሞ 'ዛሬስ የሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው፤ እኔ የለሁበትም' ትላለች።" አሳምረው ነው የመለሱት። እሷ ከምትመልሰው ይሻል ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አቃጠላት።

"ታውቃለህ! እንግሊዝኛ ታውቃለህ!"

"ያን ሁሉ ዓመት ከፈረንጅ ጋር አንድ መኪና ውስጥ ስውል ምን የማደርግ ይመስልሽ ነበር? ሽሬ እስክንደርስ ዝም ተባብለን?"

"የስ፣ ኖ፣ ቼክ ፖይንት ያልከውስ?"

"እናትሽ ፊት እንዳልኩራራ ያልኩት ነው፤ ቆየና እውነት መሰለ።"

"ታዲያ እኔን ለምን? ደክሞኝ እየመጣሁ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ አረፋ በአረፋ! ለምን?"

አቶ ጎደፋ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘጉት። "ሲያልቅ ትሄጃለሽ" አሉ። "ስታነቢ ከጎኔ ነሽ። አማርኛ ይወራል በዚህ ቤት። እኔና ኣርሴማ ብቻችንን ከቀረን ምን እናወራለን? ስለ ጨው ነው? እንዳያልቅ ብዬ ነው።"

ናፍቆት አዘነች፤ አዘነችላቸውም። ግን ንዴቷ ከኀዘኗ በላይ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት የተዋረደችው፣ አጎትየው በጉልበታቸው ያነከሱት፣ እስክንድርን ሊያሳጧት የተቃረቡት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት። "እና ስለዚህ እኔ ላርጅልህ? አንተ ብቻህን እንዳትሆን እኔ ብቻዬን ልሁን? እንደዚህች ድመት በር ዘግተህብኝ ልታስቀምጠኝ ነው?" አለችና መጽሐፉን በጣቷ አመለከተች። "ታነብ የለ? በል አንብበው። እኔ ጨርሻለሁ።" ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እንዲህ ብላ ተናግራቸው አታውቅም። አባቷም ጠርተው አላስመለሷትም።

በማግስቱ ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ተሸበረ። ኣሞይ ኣርሴማ ሁለት ዶሮ ላይ እየተሯሯጠች፣ "ዛሬም እንመካከራለን ካለ ወጡን በራሱ ላይ ነው የምገለብጠው፣ ጓለይ፣ ማርያምን" ትላለች። አቶ ጎደፋ ተላጭተው፣ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከናፍቆት ጋር አልተነጋገሩም። ቁርስ ስታቀርብላቸው "እግዜር ይስጥልኝ" አሏት፣ እንደ እንግዳ። እሷ ደግሞ ከጓዳ ሆና አባቷ ሊሉ የሚችሉትን ሁሉ በልቧ ትቆጥራለች፤ ይቀጥሩ ይሆን? አሁንስ ምን ሰበብ ቀራቸው? የትናንቱ ንግግሯ ይበልጥ አጥብቋቸው ቢሆንስ?

ከውጭ ታክሲ ቆመ። ወጉ የታወቀ ነው፤ የቤቱ ጌታ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው በር ይከፍታል፣ ሽማግሌዎቹ ገብተው ይቆማሉ፣ ይናገራሉ፣ ይለምናሉ። አቶ ጎደፋ ግን የመኪናው በር ሲዘጋ ሲሰሙ ብድግ አሉ፤ ጫማቸውን አጠለቁ፤ ግቢውን አቋርጠው ወደ አጥሩ በር ሄዱ።

"ጎደፋ! እንታይ ትገብር ኣለኻ?" ኣሞይ ኣርሴማ ጭልፋዋን እንደያዘች ጮኸች። "ምን እያደረግክ ነው? ቁጭ በል! አንተ ነህ እንዴ በር የምትከፍተው?"

ናፍቆት ወደ መስኮቱ ሮጠች። አባቷ የብረቱን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገና መንገድ ላይ ናቸው፤ አቶ ቀለሙ ከዘራ ይዘዋል። ከደብረ ብርሃን ድረስ ተዘጋጅተው የመጡበትን ንግግር ሊጀምሩ ደረታቸውን ነፉ። "እንግዲህ፣ የተከበሩ ወንድማችን፣ ውኃ ቢወቅጡት..."

"ሰጥቻለሁ" አሉ አቶ ጎደፋ።

"አቤት?"

"ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። እግዚአብሔር ይባርካቸው። ግቡ።"

አቶ ቀለሙ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ያ ሁሉ ተረት፣ ያ ሁሉ ምሳሌ፣ የአውሮፕላን መንገድ ሙሉ ሲያጠኑት የመጡት፣ ጉሮሯቸው ላይ ቀረባቸው። መምህር ገብረተንሳኤ "ገና አልጠየቅን እኮ" አሉ ግራ ገብቷቸው። ቄሱ ብቻ ቶሎ ነቅተው "ይበል! ይበል!" አሉ። ከመንገዱ ማዶ ብርቄ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሁሉንም ትሰማለች።

ናፍቆት ደስ አላት። በእርግጥ ደስ አላት። ከዚያ ደስታው ሳያልቅ ንዴት መጣ። በር ላይ! እንደ ጋዝ ሲሊንደር፣ በር ላይ! ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ያቆሙት ሰውዬ፣ ስለ ድመት ሲጠይቁ የነበሩት ሰውዬ፣ ዛሬ "እንግዲህ እስቲ" እንኳ ሳይሉ፣ የሚያስለምን ቃል አንድ እንኳ ሳይናገሩ! እንዲህ ነበር እንዴ የምከብደው? ስትጠብቀው የነበረው "እሺ" መጥቶ፣ እንዲህ ቶሎ በመምጣቱ እንባዋ ይፈስስ ጀመር፤ በራሷም ተናደደች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ናፍቆት ተጠርታ ገብታ ጉልበታቸውን ስትስም ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። አቶ ቀለሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አያችሁ? የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት። የዛሬ ሙሽሮች ሲሰጡ ይስቃሉ፤ ይህች ግን አባቷን ልትለይ ነውና ታለቅሳለች። ያሳደጓት ይባረኩ!" መምህር ገብረተንሳኤም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከንዴት የመጣ እንባ መሆኑን የሚያውቅ በዚያ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም አቶ ጎደፋ ነበሩ፤ መሬት መሬት ያያሉ።

አቶ ጎደፋ ውኃ ሊያመጡ ብለው ሲነሱ ተከትላቸው ወጣች። ጓዳው በር ላይ ደረሰችባቸው።

"ኣቦይ" አለች፤ ድምፅዋ እንዳይሰማ እየታገለች። "ምን አስቸኮለህ? ሰው ልጁን መንገድ ላይ ይሰጣል? ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ እነሱ ቆመው፣ ትንሽ ብታስለምንልኝ ምን ነበረበት? ትናንት ስለተቆጣሁህ ነው? ልትበቀለኝ ነው?"

አቶ ጎደፋ ማሰሮውን ከፍተው ብርጭቆ ሳይዙ ቆሙ። ውኃውን ነው የሚያዩት፣ እሷን አይደለም።

"ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቢለምኑኝ ኖሮ" አሉ፣ "ልቤ ቆርጦ አልሰጥሽም ነበር።"

ከሳሎን አቶ ቀለሙ ምርቃት ሊጀምሩ ሁለቱንም ይጠሯቸው ነበር።